የሊቀ ቀማሹ አፍንጫ

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24

ዝናብ። በጎቹ ደህና። ጉልበቴም ደህና። ምሳ ላይ ሾርባው ትኩስ ነበር... ስለ ሾርባው ከዚህ በላይ የማውቀው የለም።

ጋሹሻ ከጠዋት ጀምሮ አኩርፋለች።

«ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ከመጋዝ ቤት ጋር ነው የተኛሁት። ሰኞ ባዮን ከተማ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለህ።»

«ለማንኮራፋት ሐኪም?»

«ለማንኮራፋትህ አይደለም፤ ለእኔ እንቅልፍ ነው።»

ተሸነፍኩ። ሚስቴ ስትናገር ማኅተም ያረፈበት ያህል ነው።

ከሰዓት ካባዬን አውጥቼ ቦረሽኩ። አረንጓዴ፣ ጠርዙ ቀይ። የባስክ መንደራችን የኢቱርቡሩ የቼሪ ኬክ ማኅበር ሊቀ ቀማሽ ከሆንኩ እነሆ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። በበዓሉ ቀን የዘጠኝ ቤት ኬክ ይቀርብልኛል። ከእያንዳንዱ አንድ ጉርሻ እወስዳለሁ፣ ዓይኔን ወደ ተራራው አቀናለሁ፣ እጄን ደረቴ ላይ ባለው ሜዳሊያዬ ላይ ጭኜ ከየትኛው ቤት እንደመጣ እናገራለሁ። አንድም ቀን አልሳትኩም። ከሦስት መንደር መጥተው ያዩኛል። ባለፈው ዓመት አንድ ጋዜጠኛ «እንዴት ያውቁታል?» ቢለኝ «ልጄ፣ ምላስ አያረጅም» አልኩት። ጻፈው!

ለገዛ ደብተር ያልተነገረ ለማን ይነገራል?... አፍንጫዬ አይሠራም። አሥር ዓመቴ ላይ የግድግዳ ኳስ ስንጫወት አንዱ ምት ፊቴ መሃል አረፈ። ከዚያ ወዲህ አፍንጫዬ የመነጽር ማስቀመጫ ነው። ጣፋጩን ከጨዋማው፣ ጎምዛዛውን ከመራራው እለያለሁ። የቀረው ሁሉ ጭቃ ነው። ሙቅ ጭቃ፣ ቀዝቃዛ ጭቃ፣ የሚቆረጠም ጭቃ።

ታዲያ ቤቱን በምን አወቅህ? በዓይኔ ነዋ! ሴቶቹ ኬኩ ሳይጋገር ፊቱን በሹካ ይጭሩታል። የእያንዳንዱ ቤት መስመር ለየቅል ነው። ቢዴጋራይ ቤት ሦስት ቀጥ ያለ፣ ላራልዴ ቤት እንደ ዓሣ አጥንት፣ የእኛ ጎየኔቼ ቤት ሁለት ማዕበል። ደግነቱ ሰው ኬክ ሲያይ የሚያስበው መብላት ነው፤ ማንበብ ትዝ የሚለው የለም።

ለጋሹሻም አልነገርኳትም። መጀመሪያ አፍሬ ነው። በኋላ መሽቶብኝ ነው። እሑድ እሑድ ትጋግራለች፣ እሑድ እሑድ «እንዳንቺ የሚጋግር የለም» እላለሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ስንት እሑድ አለው? አለማስላት ይሻላል።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 28

ሐኪሟ የልጄ ልጅ ልትሆን ምንም አልቀራት።

«ማሽተትስ እንዴት ነው?»

«እንደማንኛውም ሰው።»

አንዲት ብልቃጥ ከፍታ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋች። «ይሄ ምንድን ነው?» መልኩን አየሁ። ወርቅማ። «የወይራ ዘይት» አልኩ፣ እጄ ሳላስበው ሜዳሊያዬን ደረቴ ላይ እየፈለገ።

የዓሣ ጉበት ዘይት ነበር።

«እርስዎ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«በግ አረባለሁ።» የቀረውን ማዕረጌን መናገሩ አስፈላጊ አልመሰለኝም።

አጥንቱ ጠማማ ነው አለች። ውስጡ ሥጋ አብቅሎ መንገዱን ዘግቶታል። ይቃናል፣ ይጸዳል። ማንኮራፋቱ ይቀንሳል። «ማሽተቱም ምናልባት ይመለስ ይሆናል።»

ይመለስ?... መንገዱን በሙሉ ስነዳ ደስ ሊለኝ ሞከርኩ። ደስታው ግን ከመምጣቱ አንድ ክፉ ሐሳብ አስከትሎ መጣ። የጋሹሻ ኬክ መጥፎ ቢሆንስ?

ማክሰኞ፣ ሜይ 6

ተቀደድኩ፣ ተሰፋሁ። ሁለቱ ቀዳዳ ተወትፏል። ጋሹሻ «እንደ ወይን ጠርሙስ ሆንክ» ብላ ሳቀች። ከዚያ ግንባሬን ሳመችኝ። ለማንኮራፋት ይሄ ሁሉ ፍቅር?

ዓርብ፣ ሜይ 9

የማኅበሩ ስብሰባ። አዲሱ ፕሬዚዳንታችን ኤራሙን ጡረታ የወጣ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነው። ባቡር ቢያጣ እኛን በሰዓት ያስነሣናል።

«ወንድሞች! ትልልቆቹ ማኅበሮች የሚቀምሱት በዘመናዊ መንገድ ነው። ዘንድሮ ሊቀ ቀማሻችን ዓይኑ ታስሮ ይቀምሳል! ጋኒሽ፣ መቼም ቅር አይልህም?»

ሥጋ ሻጩ ማኔሽ ሲጋራውን ከከንፈሩ ሳያወርድ ትከሻዬን መታኝ። «እሱን? እጁንም እሰረው! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስቶ ያውቃል?»

«ክብር ነው» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

በዓሉ ጁን 15 ነው። አምስት ሳምንት። ስምንቱን ቤት ብስት ግድ የለኝም፤ ሽማግሌ ነው ይባላል፣ ይታለፋል። የሚያስፈራኝ ዘጠነኛው ነው። በእኛ ልማድ የሊቀ ቀማሹ የራሱ ቤት ኬክ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ይቀርባል። እሱ ዘንድ ሲደርስ ባርኔጣውን አውልቆ «ቤቴ ገባሁ» ይላል። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ አሮጊቶቹ እንባቸውን ይጠርጋሉ። እኔ ደግሞ ያንን ስል ድምፄን ዝቅ የማድረግ ስጦታ አለኝ።

ዓይኔ ታስሮ የሚስቴን ኬክ የሌላ ሴት ነው ብልስ? በመንደሩ ሁሉ ፊት? የሠላሳ ስድስት ዓመት ውሸት በአንድ ጉርሻ ይወጣል።

ረቡዕ፣ ሜይ 14

ውታፉ ወጣ። ምንም የለም። ውሻውን አሸተትኩት። ውሻው እኔን አሸተተኝ። እሱ ያገኘውን አገኘ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 20

ጓዳ ስገባ ሰው የቆመ መሰለኝ። ዞርኩ... ማንም የለም። ከጣራው የተንጠለጠለው የደረቀ የአሳማ ታፋ ነው። ሽታው ነው! ሽታ እንዲህ ቦታ ይዞ የሚቆም ነገር መሆኑን ረስቼው ነበር።

ቢላዬን አነሣሁ። በስሱ ቆረጥኩ። አላመጥኩ።

ጨው ብቻ አይደለም... ጨው ብቻ አይደለም! ደረቅ ድርቆሽ አለበት። ዋልነት አለበት። የአያቴ ኮት ኪስ አለበት። ይሄ ሁሉ ሰው እዚህ ሥጋ ውስጥ ተቀምጦ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሲጠብቀኝ ኖሯል? መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እስኪበቃኝ ቆረጥኩ።

ጋሹሻ በሩ ላይ ቆማለች።

«ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?»

«ጨው በዛበት።»

ረጅም አየችኝ። ቢላውን ከእጄ ወስዳ ከታፋው ቀመሰች፣ መልሳ ሰጠችኝ።

ሐሙስ፣ ሜይ 22

የበግ አይባችንን ቀመስኩ፤ ከገዛ በጎቼ ወተት፣ በገዛ እጄ የሠራሁትን። ከመቅመሴ በፊት አማተብኩ። አርባ ዓመት ሕዝቡን የመገብኩት መርዝ ቢሆንስ?... ጥሩ ነው! እንዲያውም በጣም ጥሩ ነው። በጉ አለበት ግን ጨዋ በግ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ። እፎይ። በገበያ ላይ ይሄን አይብ ሳወድስ ስዋሽ ኖሬ፣ ለካ እውነት ተናግሬያለሁ።

የማኔሽን የደም ቋሊማም ቀመስኩ። ሽንኩርቱ ይቀድማል፣ ቅመሙ ይከተላል፣ ደሙ መጨረሻ እንደ ባለቤት በሩን ይዘጋል። በርበሬያችንንስ? እስከ ዛሬ የማውቀው ማቃጠሉን ብቻ ነው። በየቤቱ ፊት በገመድ ተሰክቶ ሲሰቀል ለጌጥ ይመስለኝ ነበር! ለካ ፀሐይ ላይ የዋለ ፍሬ ይሸታል።

ሁሉም ሽታ ግን ደስ አይልም። የማኅበሩ አዳራሽ ምንጣፍ። የገዛ ጫማዬ። ኤራሙን።

ማክሰኞ፣ ሜይ 27

ዘመቻ ጀመርኩ። ከበዓሉ በፊት የስምንቱን ቤት ኬክ ማጥናት አለብኝ። መግቢያ ምክንያት ያስፈልጋል። ትናንት ላራልዴ ቤት መሰላል ልዋስ ሄድኩ። ዛሬ ግራሲ ዘንድ፣ ቢዴጋራይ ቤት፣ እንዲሁ መሰላል። የግራሲ መስኮት ከእኛ መስኮት ፊት ለፊት ነው፤ ያንን አላሰብኩበትም።

«ጋኒሽ፣ ትናንት ከላራልዴ መሰላል ተሸክመህ ስትገባ አይቼሃለሁ። በሁለት መሰላል ምን ልታደርግ ነው? ሰማይ ልትወጣ?»

«ያኛው አጭር ነው።»

«ምስኪን። ና ቁጭ በል፤ ለመንገድህ ኬክ ቅመስ።»

ሎሚ! የግራሲ ኬክ የሎሚ ልጣጭ አለበት። ደብተሬ ላይ አሰፈርኩ፦ ቢዴጋራይ፣ ሎሚ። ላራልዴ፣ ሩም፣ ከዚያም ተጨማሪ ሩም፤ ያ ቤት ሁልጊዜ የሚዘፍነው ለካ በምክንያት ነው።

ኦላቤሪ የኤራሙን ቤት ነው። ሚስቱ ትልቁን ቁራጭ ሰጠችኝ። ጎረስኩ... የተጋገረበት የአሳማ ስብ ከርፍቷል። ምንም አያጠራጥርም። ፈገግ ብዬ ዋጥኩና «ድንቅ ነው» አልኩ። የድሮ ሙያ አይጠፋም።

እሑድ፣ ጁን 1

ጋሹሻ ዛሬም አልጋገረችም። ሐኪም ቤት ከገባሁ ወዲህ አንድም እሑድ አልጋገረችም።

«የቼሪ ማርማላታው ለበዓሉ ብቻ ነው የቀረው።»

መደርደሪያውን ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ሙሉ ብልቃጥ። እንዴት ብዬ ልጠይቅ? «ጣዕሙን ላጥናው»? ስምንት የሰው ቤት በምላሴ አውቃለሁ። የራሴን ደጅ አላውቀውም።

ቅዳሜ፣ ጁን 7

ከኖርማንዲ ጥቅል መጣ። የዚያው የአንጀት ቋሊማ ማኅበር ሰብሳቢ ሙሴ ሉሲየን ለበዓሉ ይመጣል፤ ስጦታውን አስቀድሟል። ከአሥር ዓመት በፊት እነሱ ዘንድ መሐላ ፈጽሜ አንድ ክንድ ሙሉ ቋሊማ ፊቴን ሳላጨማድድ ጨርሼ ነበር። «አንበሳው ባስክ» ብለው ሜዳሊያ አጠለቁልኝ።

ዛሬ ወረቀቱን ፈታሁ።

መልሼ ጠቀለልኩት። በጓሮ በር ወጣሁ። አየር ወሰድኩ። ለውሻው አሳየሁት፤ ውሻው ተቀምጦ አሰበበት። አንበሳ?... ያን ቀን ያጨበጨቡልኝ ሁሉ ይቅር ይበሉኝ።

የማኅበር መሐላ ግን መሐላ ነው። ሁለተኛ ሞከርኩ፣ ተመለስኩ። በሦስተኛው ዋጥኩ... ጥሩ ነው እኮ! በሩ ላይ በጥፊ ተቀብሎ ውስጥ ምርጥ ወይኑን የሚያወጣ ሰው አለ አይደል? እንደዚያ ነው። ጭሱ ከበርበሬ ጋር እየቆየ ይመጣል። ከሥሩ ደግሞ ከብሪታኒ የመጣ የቅቤ ኬክ ነበር። ቅቤ፣ ጨው፣ እስኪቀላ የተቃጠለ ስኳር። ስለ እሱ አልጽፍም። የሚስቴ ተቀናቃኝ ነው።

ቅዳሜ፣ ጁን 14

ነገ ነው። ጋሹሻ ከምሳ ጀምሮ ኩሽናውን ከውስጥ ቆልፋለች። ትንሽ ሽታ ልስብ ወደ ቁልፉ ቀዳዳ ጎንበስ አልኩ። በመሃረብ ወትፋዋለች!

ይህቺ ሴት ምንድን ነው የምታውቀው?

ሰኞ፣ ጁን 16

ትናንት እጄ አልታዘዘኝም። ዛሬ ልሞክር።

አደባባዩ ሞልቷል። ሙሴ ሉሲየን ቡናማ ካባውን ለብሶ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ኤራሙን በጥቁር ጨርቅ ዓይኔን አሰረው፤ እንደ ባቡር ጭነት ጥብቅ አድርጎ። ሰሃን የምታቀርብልኝ ግራሲ ነበረች።

አንደኛው፣ ሎሚ። «ቢዴጋራይ!» ጭብጨባ። ሁለተኛው፣ ከመዋጤ በፊት ጉንጬ ሞቀ። «ላራልዴ!» ጭብጨባ። ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሦስተኛውን ጎረስኩ። ዓይኔ ታስሮ የሰው ፊት አላየሁም። ሕይወቴን ሙሉ አፌን የሚጠብቅልኝ የሰው ፊት ነበር... አመለጠኝ።

«እህህ! ስቡ ከርፍቷል!»

«የማን ቤት ነው?» አለ ኤራሙን፣ ቀስ ብሎ።

«ኦላቤሪ» አልኩ። ምን ልበል? ትክክል ነበርኩ።

አንዲት ሴት ወንበር ገፍታ ስትነሣ ሰማሁ። ከኋላ የማኔሽ ድምፅ፦ «ሐኪሟ አፍንጫውን ሳይሆን ምላሱን ነው የቆረጠችው!» ሳቅ። ከዚያ ወዲያ ተደናገጥኩ። አራተኛውን ስቼ ለአምስተኛው ቤት ሰጠሁት፣ አምስተኛውን ለአራተኛው። ጉምጉምታው እየጨመረ ሄደ። «አለቀለት» ይላል አንዱ። «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ይላል ሌላው።

ስድስተኛው መጣ። ጎረስኩ።

አላውቀውም። ሎሚ የለውም፣ ሩም የለውም። የቼሪው ጣዕም ጥቁር ነው፣ ከፍሬው ጋር የፍሬው እንጨት አብሮ አለ። ቅርፊቱ መጀመሪያ አሸዋ ነው፣ ከዚያ ቅቤ ነው፣ ከዚያ... አላውቅም። ላስታውሰው ሞከርኩ። የሚታወስ ነገር የለም። ሚስቴ እዚያ ተቀምጣለች። የራሷ ሆኖ አይደለም ብል፣ የራሷ ሳይሆን ነው ብል... ደከመኝ። ለመዋሸት እንኳ ደከመኝ።

«ይሄን አላውቀውም» አልኩ። «በሕይወቴ ቀምሼው አላውቅም።»

እጄን ግን ማን ይያዘው? ሰሃኑን ዳብሼ የቀረውንም ጎረስኩ።

«ጋኒሽ! ሕጉ አንድ ጉርሻ ነው!»

«ሕጉን ትንሽ ያዝልኝ፣ ክቡር ፕሬዚዳንት» አልኩ አፌ እንደሞላ። «ግራሲ፣ ጨምሪልኝ።»

ያኔ ከመጀመሪያው ረድፍ የጋሹሻ ድምፅ፦

«ቤትህ ገብተሃል፣ አንተ ሰው። ጫማህን አውልቅ!»

አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ። ሙሴ ሉሲየን ሳይገባው ቆሞ አጨበጨበ። እኔ የቀሩትን ሦስት ኬኮች ረስቼ፣ ጨርቁን ፈትቼ ሚስቴን ፈለግኋት። እየሳቀች ነበር። መሃረቡ ዓይኗ ላይ ነበር።

ቤት ስንገባ ጫማዬን አወለቅኩ። ፊት ለፊት ተቀመጥን።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«በተጋባን በሁለተኛው ሳምንት። ከእናትህ ማሰሮ ስብ ጨልፌ ጋገርኩ። ከርፍቶ ኖሯል፤ ሙሽራ ነኝ፣ አላየሁትም። ራሴ ቀምሼ ተፋሁት። አንተ ሁለት ቁራጭ በልተህ ‹እንዳንቺ የሚጋግር የለም› አልከኝ። በረት ገብቼ አለቀስኩ። አስመሳይ ያገባሁ መሰለኝ። በማግስቱ ምድጃው ጋዝ ሲያፈስ አጠገቡ ቁጭ ብለህ ጋዜጣ ታነባለህ። ያኔ ገባኝ። ዘንድሮም እሑድ እሑድ ያልጋገርኩት፣ ኬኬን መጀመሪያ ስትቀምሰው ያልተለማመድከው እውነት እንዲያመልጥህ ነው።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተስ ለምን ዝም አልክ?»

ጣቴ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ቀጥ ያለ መስመር ጫረ።

«መስመሮቹስ?» አልኩ። በድንገት ብልጭ ብሎልኝ ነው።

«የእኔ ናቸው። ሊቀ ቀማሽ ሲያደርጉህ ሴቶቹን ሰብስቤ ለየቤቱ መስመር አከፋፈልኩ። ከዚያ በፊት የሁሉም ኬክ ፊቱ ልሙጥ ነበር። አላስተዋልክም?»

አላስተዋልኩም። እኔ፣ አንባቢው!

«ሁሉም ያውቃሉ?»

«ወንዶቹ አያውቁም። ሴቶቹማ ከሹመትህ እንዳትወርድ ሲጸልዩልህ ኖረዋል። ያለፈው ሊቀ ቀማሽ ምላሱ ይሠራ ነበር፤ በየዓመቱ ሁለት ቤት ተኳርፎ የገና በዓል እስኪደርስ አይነጋገርም። አንተ ዘጠኙንም እኩል ስታሞግስ መንደሩ ሰላም አደረ።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሀገር ሽማግሌ ሆኜ ኖሬያለሁ ለካ፣ ሳልሾም። ላዝን ፈለግኩ። አልመጣልኝም። የመጣልኝ ሳቅ ነው። ትከሻዬ ላይ ድንጋይ እንደነበረ ያወቅኩት ሲወርድ ነው።

እሑድ፣ ጁን 29

ማኅበሩ በሙሉ ድምፅ አሰናበተኝ። «ለረጅም አገልግሎቱ፣ ምላሱ እስከደከመበት ቀን ድረስ» ይላል ወረቀቱ። በጭብጨባ ተቀበልኩ። በምትኬ ማኔሽ ተመረጠ። አርባ ዓመት ሲጋራ አጭሶ ከጢስ በቀር የሚሸተው የለም። እጩውን ያቀረበችው ግራሲ ናት። ኤራሙን ጨርቁን መሳቢያ ውስጥ ከቶታል፤ ዓይን የማሰሩ ሕግ ቀርቷል። ሚስቱ አዲስ ስብ ገዝታለች ይባላል፤ ሰላምታ ግን ገና አልሰጠችኝም። መሰላሎቹን መለስኩ።

ዛሬ እሑድ ነው፤ ጋሹሻ ጋገረች። ሽታው በረት ድረስ መጥቶ ጠራኝ። ካባ የለ፣ ሜዳሊያ የለ፣ ወደ ተራራ ማየት የለ። ቁጭ ብዬ ጎረስኩ።

ላወድስ አፌን ከፈትኩ... ዘጋሁት።

«ጋሹሻ።»

«ወይ።»

«ሥሩ ትንሽ አሯል።»

ቢላዋን አስቀመጠች።

«ምን አልክ?»

«አሯል። ሥሩ። ማርማላታውም ከባለፈው ይልቅ ስኳር በዝቶበታል።»

ሰሃኑን ከፊቴ አነሣችው። ለውሻው ልትሰጠው መሰለኝ። ዳር ዳሩን ዞራ ፈልጋ፣ ከሁሉ የከሰለውን ቁራጭ ቆርጣ መልሳ አቀረበችልኝ። ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አገጯን በመዳፏ ያዘች። ፊቷ እንደ ሙሽራ በርቷል።

«ይሄንንም ቅመስና ስደበኝ» አለች።

ቀመስኩ። እስኪበቃት ሰደብኳት።